ወንዙ መዳኑን ማን ይመስክር?

ባለፈው እሑድ ረፋድ ላይ ከእህቴ ልጅ ጋር ቀበና ወንዝ ዳር ነበርን። እሷ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ደብተርና እርሳስ ይዛለች፣ እኔ ሰዓት እቆጣጠራለሁ። ሥራችን ቀላል ነው። ከድልድዩ እስከ ታችኛው መታጠፊያ ድረስ ቀስ ብለን እንራመዳለን፤ በመንገዳችን ያየናትን እያንዳንዷን የውሃ ተርብ እንቆጥራለን። የውሃ ተርብ ስላችሁ ግር ያላችሁ ካላችሁ፣ ያቺ ሰውነቷ ቀጭንና ረጅም፣ አራት ስስ ክንፎች ያሏት፣ አየር ላይ ቀጥ ብላ መቆም የምትችለዋ ናት። እኛ ልጆች ሳለን «ሄሊኮፕተር» እንላት ነበር።

ግማሽ መንገድ ሳንሄድ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ መጣ።

«ምንድነው የምትጽፉት?»

«የውሃ ተርብ እየቆጠርን ነው» አልኩት።

«ለማን?»

ይህን አልጠበቅኩም። «ለማንም። ለራሳችን» አልኩ።

«ደብዳቤ አላችሁ?»

«የለንም።»

ደብተሩን ከልጅቷ እጅ ተቀብሎ አገላበጠው። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ «ፀሐይ አለ፣ ነፋስ የለም» የሚል ማስታወሻ፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ ትልቅ ዜሮ። ሰውየው ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። ደብተሩን እየመለሰ «ታዲያ ምንም ከሌለ ምኑን ትጽፉታላችሁ?» አለን።

ወዳጆቼ፣ ለሰውየው የሚሆን መልስ በሰዓቱ አልመጣልኝም። ሳምንቱን ሙሉ ሳስበው ከረምኩ። የዛሬው ጽሑፌ ያ መልስ ነው።

የውሃ ተርብን የምናውቃት በክንፏ ነው። እሷ ግን አብዛኛውን ዕድሜዋን የምታሳልፈው ያለ ክንፍ፣ ውሃ ውስጥ ነው። እንቁላሏን የምትጥለው ውሃ ውስጥ ወይም ውሃ ዳር ባለ ተክል ላይ ነው። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ እንደየዝርያው ከጥቂት ሳምንታት እስከ ጥቂት ዓመታት ድረስ በድንጋይ ሥር፣ በአሸዋና በጭቃ ውስጥ እያደነ ይኖራል። የትንኝ እጭ ይበላል፣ ትል ይበላል፣ ሲያድግ ትንንሽ ዓሣም አይምርም። የሚተነፍሰው ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው። ጊዜው ሲደርስ ሣር ወይም ድንጋይ ላይ ይወጣል፣ ጀርባው ይሰነጠቃል፣ ባለ ክንፏ ከውስጡ ትወጣለች። ባዶው ቅርፊት እዚያው ሣሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ያ ባዶ ቅርፊት ለእኔ ከብዙ ሪፖርት ይበልጣል። ለምን ቢባል፣ ባለሙያ ወንዝ ዳር መጥቶ በጠርሙስ የሚቀዳው ናሙና የሚናገረው ስለዚያች ሰዓት ውሃ ነው። ጠዋት በሦስት ሰዓት ከተቀዳ የሦስት ሰዓቱን ውሃ ይናገራል። አንዳንድ ሰው ግን ፍሳሹን የሚለቀው ሌሊት ነው፤ ዝናብ ሲዘንብም ጎርፉን ተገን አድርጎ የሚለቅ አለ። «አይነጋ መስሏት» የሚለውን ተረት እናንተው ጨርሱት። እጩ ግን ሌሊቱንም እዚያው ነበር። ዝናቡ ሲዘንብም፣ ቅዳሜ ቢሮ ሲዘጋም፣ ተቆጣጣሪው ለበዓል አገር ቤት ሲሄድም እዚያው ነበር። ውሃው መሃል ላይ አንድ ቀን ቢመረዝ ያ ቅርፊት ሣሩ ላይ አይገኝም ነበር። ምስክር ማለት ይሄ ነው፤ ነገሩ ሲሆን እዚያው የነበረ።

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። የአዲስ አበባ ወንዞች ከእንጦጦና ከዙሪያው ተራሮች ይነሳሉ። ቀበናን ጨምሮ የምሥራቁ ወገን ወደ ትልቁ አቃቂ፣ የምዕራቡ ወገን ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባል። ሁለቱም አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። በመንገዳቸው የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ የፋብሪካ ቆሻሻ፣ የጋራዥ ዘይትና የእኛው የፕላስቲክ ከረጢት ይቀላቀሏቸዋል። በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይጠጣበታል፤ ሰላጣው ተመልሶ ገበታችን ላይ ይቀርባል። ከታች ደግሞ የአዋሽ ተፋሰስ አርሶ አደርና አርብቶ አደር አለ። ስለዚህ የወንዙ ነገር የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ይህን መንግሥትም ያውቃል። በ2011 ዓ.ም. «ሸገርን ማስዋብ» ሲጀመር 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ እንደሚለማ ተነገረ፤ ገንዘቡን ለማሰባሰብም አንድ ሰሃን በ5 ሚሊዮን ብር የሚሸጥበት እራት ተዘጋጀ። ከዚያ ወዲህ የኮሪደር ልማቱ መጥቷል፤ ከተማ አስተዳደሩም ወንዝ የሚበክልን የሚቀጣ ደንብ አውጥቷል። ጥሩ ነገር አልተሠራም አልልም። ልጆች ሣር ላይ ሲጫወቱ፣ ሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ሲቀመጡ አያለሁ፤ ደስ ይለኛል። ቤቱ ፈርሶበት ከዚያ የተነሳ ሰው የሚለውም አለ፤ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

የዛሬ ጥያቄዬ ሌላ ነው። በየሪፖርቱ የሚቆጠረው ምንድነው? የተነጠፈው ድንጋይ በኪሎ ሜትር፣ የተተከለው ችግኝ በሚሊዮን፣ የወጣው ገንዘብ በቢሊዮን። እነዚህ ሁሉ እኛ ያደረግናቸው ነገሮች ናቸው። ወንዙ የመለሰልን ምንድነው? ውሃው ውስጥ ተመልሶ መኖር የጀመረ ነገር አለ? ይህን የሚቆጥር ሰው አላጋጠመኝም። ታሞ ሆስፒታል የገባን ዘመድ ስንጠይቅ ሐኪሙ «አልጋውን ቀይረናል፣ ግድግዳውን ቀለም ቀብተናል» ቢለን ምን እንላለን? «እሱስ ጥሩ፤ በሽተኛው እንዴት ነው?» አንልም?

ሌላው ዓለም ይህን ጥያቄ እንዴት እንደሚመልሰው ጥቂት ልንገራችሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዝ አገር የውሃ ተርብ የሚከታተል ማኅበር በ1983 ተቋቋመ። አባላቱ በአብዛኛው ነፍሳትን አጥንተው የተመረቁ አይደሉም። ጡረተኛ አለ፣ መምህር አለ፣ ውሻውን ሲያናፍስ የሚቆጥር አለ። እያንዳንዱ መዝጋቢ የሚጽፈው አራት ነገር ነው፤ ምን አየሁ፣ የት፣ መቼ፣ ያየሁትስ ማን ነኝ። በየአካባቢው አንድ ልምድ ያለው ሰው ተቀምጦ የመጣለትን ያጣራል፤ የተጠራጠረውን «እስቲ ፎቶ ላክልኝ» ይላል። ማኅበሩ በ2021 ባወጣው ሪፖርት ላይ ከ1970 ጀምሮ ወደ 17,000 ሰዎች የጻፉት 1.4 ሚሊዮን ያህል ምዝገባ ተደምሮ ታየ። ውጤቱ ደግሞ ሁሉም የጠበቀው ልቅሶ አልነበረም። ከ40 በመቶ የሚበልጡት ዝርያዎች ተስፋፍተዋል፤ 11 በመቶ ያህሉ ቀንሰዋል። አየሩ ስለሞቀ የደቡቦቹ ወደ ሰሜን እየወጡ ነው፤ ቀዝቃዛ ረግረግ የሚወዱት ደግሞ እየተገፉ ነው። ደስ የሚለውም የሚያሳዝነውም ከአንድ ደብተር ወጣ። የሚታመነውም ለዚህ ነው። ሁልጊዜ መልካም ዜና ብቻ የሚወጣበትን ደብተር ማን ያምናል?

እዚያው አገር ዶርሴት በሚባለው አውራጃ ሙርስ የሚባል አንድ ትንሽ ወንዝ አለ። ብርቅ የሆነች አንዲት የውሃ ተርብ እዚያ ትኖር ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከፍሳሽ ማጣሪያ የወጣ ብክለት ወንዙ ውስጥ ገባና ጠፋች። መጥፋቷን እንዴት አወቁ? በየዓመቱ ሄደው የሚያዩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። በእኛ ወንዞች ላይ ስንት ነገር እንዲህ ጠፍቶ ይሆን? የጠፋውን ለማወቅ መጀመሪያ የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል። የሚጽፍ ሰው ከሌለ የጠፋው ነገር መጀመሪያውኑ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

የተገላቢጦሹም አለ። ራይን የአውሮፓ የፋብሪካ ቦይ ሆኖ የኖረ ወንዝ ነው። በ1986 ስዊዘርላንድ ውስጥ አንድ የኬሚካል መጋዘን ተቃጥሎ መርዙ ወደ ወንዙ ሲገባ ዓሣው አለቀ፤ አገሮቹ ደንግጠው ወንዙን ለማዳን በጋራ ተነሱ። በ1990ዎቹ ለዘጠና ዓመታት ገደማ ኔዘርላንድ ውስጥ ያልታየች አንዲት የትልልቅ ወንዝ የውሃ ተርብ ተመልሳ ታየች። ሚኒስትር መግለጫ ሰጥቶ አላመጣትም። ውሃው ተሻለ፣ መጣች፤ የሚያያት ሰው ነበረ፣ ጻፈ።

«እነሱ ሀብታም ናቸው፣ ጊዜ አላቸው» የሚል ይኖራል። እሺ፣ ወደ አፍሪካ እንምጣ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ «ሚኒሳስ» የሚባል ዘዴ አለ። ተማሪዎች ወንዝ ውስጥ ገብተው ድንጋይ ያገላብጣሉ፣ በትንሽ መረብ ይጠልፋሉ፣ ያገኙትን ነጭ ሳህን ላይ ያፈሳሉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ የእንስሳ ቡድን ነጥብ ይሰጣሉ። አልቅት 2፣ ትል 2፣ ቀንድ አውጣ 4፣ ቀጫጭኖቹ የውሃ ተርብ ዘመዶች 4፣ የውሃ ተርብ እጭ 6፣ ብክለት ፈጽሞ የማይችል አንድ የነፍሳት ቡድን ደግሞ 17። ነጥቡን ደምረው በተገኙት ቡድኖች ብዛት ያካፍላሉ። አማካዩ ከፍ ካለ ወንዙ ጤነኛ ነው፤ ዝቅ ካለ ታሟል። መረብ፣ ሳህንና አንድ ወረቀት በቂ ነው። ላብራቶሪ የለም፣ ከውጭ የሚገዛ ኬሚካል የለም።

የእኛም ሰዎች አልተኙም። ለኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች እንዲስማማ ተደርጎ የተዘጋጀ «ኢትባዮስ» የሚባል የነጥብ አሰጣጥ አገራችን ውስጥ በተሠራ ጥናት ታትሟል። ዕውቀቱ አለ ማለት ነው። የጎደለው በየወንዙ ዳር በየወሩ የሚቆም ሰው ነው። አንድ ተመራማሪ ለመመረቂያ ጥናቱ ሁለት ዓመት ይቆጥርና ይመረቃል፤ ወንዙ ግን አይመረቅም።

ደግሞም የእኛ የውሃ ተርቦች እንግዳ አይደሉም። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኙ ዝርያዎች አሉን። በሳይንሳዊ ስማቸው ላይ «አቢሲኒካ»፣ «ኤትዮፒካ»፣ «ካፊኑም» የሚሉ ቃላት ተጽፈዋል። ስማችንን ይዘው ይዞራሉ፤ እኛ ግን አንዷንም ለይተን አናውቃትም። የአገራችንን የውሃ ተርቦች ዝርዝር ሰብስበው በ2005 ያሳተሙት ሁለት የአውሮፓ ተመራማሪዎች ናቸው። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን እነሱ መጥተው የሚሄዱ ናቸው። ጅማ የሚኖረው፣ ባሕር ዳር የሚኖረው፣ ሀዋሳ የሚኖረው እኛ ነን።

አንድ ሰው ብቻውን ምን ያመጣል ለሚል ደግሞ የማልዲቭስን ታሪክ ልንገረው። ቻርልስ አንደርሰን የሚባል የባሕር ባዮሎጂ ባለሙያ እዚያ ይኖር ነበር። በየዓመቱ ጥቅምት አካባቢ በሺዎች የሚቆጠሩ የውሃ ተርቦች ደሴቶቹን ሲሞሉ ያያል። ገረመው፤ ምክንያቱም እነዚያ ደሴቶች የሚራቡበት የገጸ ምድር ጣፋጭ ውሃ የላቸውም ማለት ይቻላል። ሙያው የባሕር ነበር፤ ግን ዓመት ከዓመት የመጡበትን ቀን መዘገበ። በ2009 ያሳተመው መደምደሚያ ይህ ነው፤ ነፍሳቱ ከህንድ ተነስተው የህንድ ውቅያኖስን አቋርጠው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ይመጣሉ፣ ዘራቸውም በሌላ ወቅት ይመለሳል። ዙሩ በአራት ትውልድ የሚፈጸም ሲሆን ከ14,000 እስከ 18,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል ብሎ ገመተ። የጣት ያህል ርዝመት ያላት ፍጥረት! የዚህ ግኝት መነሻ የቀን መዝገብ ነው።

አሁን ተቃውሞዎቹን ልያቸው፤ አንዳንዶቹ ልክ ናቸውና።

አንደኛ፣ «ሰው በሚራብበትና በሚፈናቀልበት አገር ስለ በራሪ ነፍሳት ታወራለህ?» አዎ፣ አወራለሁ። አልቅት ብቻ የቀረበት ወንዝ ሰላጣ ያጠጣል፤ ያንን ሰላጣ የሚበላው ደግሞ ሌላ ምርጫ የሌለው ሰው ነው። ታሽጎ የሚሸጥ ውሃ መግዛት የሚችል ሰው የወንዙን ጤና ሳያውቅ ሊኖር ይችላል፤ ድሃው ግን አይችልም። ደግሞ በዚህ ጊዜ ወደ ብዙ የአገራችን ወንዞች ሄዶ መቆጠር እንደማይቻል አውቃለሁ። ለዚህም ነው በየደጃችን እንጀምር የምለው።

ሁለተኛ፣ «በጎ ፈቃደኛ ይሳሳታል።» ይሳሳታል። የእህቴ ልጅ ባለፈው ወር በደመናማ ቀን ሄዳ «ዜሮ» ብላ መጣች። ብርድና ደመና ሲሆን ነፍሳቱ አይበሩም፤ ያ ዜሮ የወንዙ ሳይሆን የአየሩ ነበር። አሁን የአየሩን ሁኔታ ሳትጽፍ ቁጥር አትጽፍም። ስህተት የሚታረመው በሥርዓት ነው፤ አንድ ቦታ፣ አንድ መንገድ፣ ተመሳሳይ ሰዓት፣ ፀሐይ ባለበት፣ ዓመት እስከ ዓመት።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ «የውሃ ተርብ ታየች ማለት ውሃው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።» እውነት ነው። ብክለት የሚችሉ ዝርያዎች አሉ፤ ጠንካራ በራሪም ከሩቅ መጥታ በቆሻሻ ውሃ ላይ ልታልፍ ትችላለች። ስለዚህ ብዛቱ ብቻ አይበቃም። የትኛዋ እንደሆነች መለየት፣ ባዶ ቅርፊቷን መፈለግ፣ ሌሎቹን የውሃ ፍጥረታት አብሮ ማየት ያስፈልጋል። ላብራቶሪውም ይቅር አላልኩም። ሐኪም ሙቀትም ይለካል፣ ደምም ይመረምራል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ሙቀቱን ግን እናትም ቤቷ ሆና ትለካለች።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የምለው ትንሽ ነው።

በየወንዙ ዳር ያለ አንድ ትምህርት ቤት አንድ ቦታ ይምረጥ። የሳይንስ ክበቡ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ፀሐይ ጠንከር ሲል፣ መቶ ሜትር ያህል ይራመድ። የስልክ ካሜራ ዛሬ በየእጁ አለ፤ ፎቶ ተነስቶ ለሚያውቅ ሰው ይላክ። ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የባዮሎጂ ክፍሎች አንድ ሰው «እኔ አጣራለሁ» ይበል። ደመወዝ አልጠየቅኩለትም፤ ከቻለ ግን ለተማሪዎቹ ነጥብ ይስጥበት። ውሃው ውስጥ መግባት ግን ለታመመ ወንዝ አልመክርም። ልጆች ከዳር ሆነው ይቁጠሩ፤ የድንጋይ ማገላበጡ ከከተማው በላይ፣ ገና ንጹሕ በሆነው ምንጭ በኩል፣ ከአዋቂ ጋር ይሁን። ለየወንዙ አንድ የላይ፣ አንድ የታች ቦታ ካለን ማነጻጸሪያ አገኘን ማለት ነው። የላይኛው የነበረውን ያሳየናል፤ የታችኛው ያደረግነውን።

ከአስተዳደሩ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ደብተር የያዘ ልጅ ወንዝ ዳር «ደብዳቤ አለሽ?» አይባል። የወንዝ ዳርቻው ለሕዝብ ነው ተብሎ ከተሠራ፣ ሕዝብ አይቶ መጻፍም ይችላል። ሁለተኛ፣ የራሳችሁን የውሃ ምርመራ ውጤት ለሕዝብ አውጡ። የእኛን ደብተር ከእናንተ ወረቀት ጎን እናስቀምጠው። ከተስማሙ፣ ማንም ሊክደው የማይችል ድል ነው። ካልተስማሙ ደግሞ አንዳችን ተሳስተናልና አብረን እንፈልገው።

ይህን ስል የሚቆጣ ባለሥልጣን ሊኖር ይችላል፤ መቆጣት ግን የለበትም። ወንዙ በእርግጥ እየዳነ ከሆነ ከእነዚህ ልጆች የተሻለ ምስክር አያገኝም። በሥሩ የሚሠራ ሠራተኛ «ተሻሽሏል» ቢል ማን ይሰማዋል? ማንም ያልከፈላት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ «ባለፈው ዓመት ዜሮ ነበር፣ ዘንድሮ ሰባት ቆጠርኩ» ብትል ግን ወንዙ አፍ አውጥቶ እንደተናገረ ነው። ያ ሰባት የሚታመነው ግን ቀደም ብሎ ዜሮው ስለተጻፈ ብቻ ነው።

አገራችን የጎደላት ይሄ ይመስለኛል። ሪፖርታችን ሁሉ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ዕቅዱ ሁሉ መቶ በመቶ ይሳካል። ዜሮ መጻፍ እንፈራለን፤ አለቃ ይቆጣል፣ በጀት ይቀራል፣ ሰው ይስቃል። አበው ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። ልጆቻችንን የውሃ ተርብ ስናስቆጥር የምናስተምራቸው ስለ ነፍሳት ብቻ አይደለም። ያዩትን ያዩትን ያህል መጻፍን ነው። ያላዩትን አለመጨመርን ነው።

ሥራው ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው»። ከዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ሃምሳ ሰው በየሰፈሩ ወንዝ ዳር ቢቆም፣ በዓመቱ መጨረሻ ዛሬ የሌለን ነገር ይኖረናል።

ለዚያ የጥበቃ ወንድሜ ያልሰጠሁት መልስ እንግዲህ ይሄው። «ምንም ከሌለ ምኑን ትጽፉታላችሁ?» ብለኸን ነበር። ምንም አለመኖሩን ነው የምንጽፈው፣ ወንድሜ። አንድ ቀን ስትመለስ ከየት እንደተነሳን እንድናውቅ።

በሚመጣው ሳምንት እሑድ እዚያው ነን። ቸር ያሰንብተን።